ከብረት ፋብሪካ እስከ መብራት፦ የኢንጂነር ፒንሐስ ሩተንበርግ የሕይወት ታሪክ



በአሽቀሎን፣ በተለይም በሚግዳል ሰፈር አዲስ የገባችሁ ቤተሰቦች ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወርዳችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ ብታዞሩ፣ ረጃጅም የጭስ ማውጫዎች ያሉት ትልቅ ተቋም ታያላችሁ። ይህ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ጣቢያ ሲሆን ስሙ ሩተንበርግ ይባላል። ስሙን የሚጠሩት ብዙዎች ናቸው፤ ሰውየው ማን እንደነበረ የሚያውቁት ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትማችን የእርሱን ታሪክ ከልጅነቱ እስከ ዕረፍቱ፣ ያቋቋመውም ኩባንያ ከአንድ ናፍጣ ሞተር ተነሥቶ እንዴት እንዳደገ እናቀርብላችኋለን። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት አለን። ሩተንበርግ የሥራ ሕይወቱን የጀመረው በብረት ፋብሪካ ነው። እንደሚታወቀው የእኛም አባቶች ብረትን ያውቁታል። በጎንደርና በዙሪያው የቤተ እስራኤል ወገኖች ከሰል አክስለው፣ ወናፍ ነፍተው፣ ብረት ቀጥቅጠው ማረሻና ማጭድ፣ ምሳርና ቢላዋ ሲሠሩ ኖረዋል። ጎረቤት ማረሻውን ይፈልገው ነበር፤ ሠሪውን ግን ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር። እዚህ አገር ስትገቡ ደግሞ ሙያችሁን የሚጠይቃችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። የሩተንበርግ ታሪክ ባለሙያ ሰው ከአገር ወደ አገር ሲንከራተት ሙያው ምን እንደሚሆን የሚያሳይ ታሪክ ነው።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ፒንሐስ ሩተንበርግ በ1879 ዛሬ ዩክሬን በምትባለው አገር፣ ሮምኒ በምትባል ከተማ ተወለደ። ያን ጊዜ አገሩ በሩሲያ ንጉሥ ሥር ነበረ። አይሁድ እንደ ልባቸው የትም መኖር አይፈቀድላቸውም፤ ዩኒቨርሲቲም ቢሆን የሚቀበላቸው በቁጥር ወስኖ ነበር። ይህም ሆኖ ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበረ ዋና ከተማ ወደነበረችው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ገባ።

በዚያ ዘመን የሩሲያ ተማሪዎች በንጉሡ አገዛዝ ላይ ያምፁ ነበር። ሩተንበርግም ከእነርሱ ጋር ስለተቀላቀለ በ1899 ከትምህርት ቤት ተባረረ። ለጊዜው በሥራ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ገብቶ ትምህርቱን ጨረሰና ኢንጂነር ሆነ። የሶሻሊስት አብዮተኞች ፓርቲ አባልም ሆነ። ኦልጋ ሖመንኮ የምትባል ክርስቲያን ሴት አገባ፤ የአገሩ ሕግ አይሁዳዊና ክርስቲያን እንዲጋቡ ስለማይፈቅድም በወረቀት ክርስትና ተነሣ። ይህ ነገር ኋላ በሕይወቱ ምን እንዳመጣ ወደ ፊት እናያለን።

በፑቲሎቭ ፋብሪካና በደም የተጨማለቀው እሑድ

ወጣቱ ኢንጂነር ሥራ ያገኘው በሴንት ፒተርስበርግ በነበረው በታላቁ የፑቲሎቭ ፋብሪካ ነው። ፑቲሎቭ ብረት እያቀለጠ የባቡር ሐዲድ፣ ባቡርና መድፍ የሚሠራ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ያሉት ግዙፍ ፋብሪካ ነበር። ሩተንበርግ በዚያ የመሣሪያዎች መሥሪያ ክፍል ኃላፊ ሆነ። ሠራተኛው በቀን ብዙ ሰዓት በእሳት ፊት ቆሞ ሲውል፣ ደመወዙ ግን ከእጅ ወደ አፍ እንደነበረ በዓይኑ አየ።

በ1905 መጀመሪያ ላይ ፋብሪካው ጥቂት ሠራተኞችን በማባረሩ የሥራ ማቆም አድማ ተነሣ፤ አድማውም ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ተዛመተ። ጆርጂ ጋፖን የተባለ የኦርቶዶክስ ቄስ ሠራተኞቹን አሰባስቦ ለንጉሡ አቤቱታ ለማቅረብ ወደ ቤተ መንግሥቱ መራቸው። ቀኑ እሑድ፣ ጥር 22 ቀን 1905 ነበር። ሕዝቡ መሣሪያ ሳይዝ፣ ሥዕለ ቅዱሳንና የንጉሡን ሥዕል ተሸክሞ ሲመጣ ወታደሮች ተኮሱበት። ብዙ ሰዎች ሞቱ። ከቄሱ አጠገብ ይጓዝ የነበረው ሩተንበርግ ጋፖንን ከተኩሱ መሐል አወጣው፤ እንዳይታወቅም ጠጉሩን ቆርጦ ሸሸገው። ኋላም ሁለቱም ወደ ውጭ አገር አመለጡ።

የሕይወቱ ጥቁር ነጥብ

ውድ አንባቢያን፣ የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ መልካሙን ብቻ መርጠን ብንነግራችሁ ልክ አይሆንም። ሩተንበርግ ሕይወቱን ሙሉ የተከተለው አንድ ክፉ ነገር ነበር።

ጋፖን ወደ ሩሲያ ከተመለሰ በኋላ ከንጉሡ የምሥጢር ፖሊስ ጋር በድብቅ ተገናኘ። ከዚያም አልፎ ሕይወቱን ያተረፈለትን ሩተንበርግን በገንዘብ አባብሎ ለፖሊስ ሊያስገባው ሞከረ። ሩተንበርግ ነገሩን ለፓርቲው አለቆች አስታወቀ። በ1906 ጸደይ ጋፖንን ከከተማ ውጭ ወዳለ አንድ ቤት ጠራው፤ በሚቀጥለው ክፍል የተደበቁ የፓርቲው ሰዎች ቄሱ ስለ ገንዘቡ ሲናገር ሰሙ። ወጥተውም ያዙትና ሰቀሉት።

ሩተንበርግ ይህን ያደረግሁት በፓርቲው ትእዛዝ ነው ይል ነበር። ፓርቲው ግን እጁን ታጠበ። ከአለቆቹ አንዱ የነበረው አዜፍ ራሱ የፖሊስ ሰላይ እንደነበረ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ተጋለጠ። እንግዲህ ሩተንበርግ ያዳነውን ሰው ያስገደለ ተብሎ ስሙ ቀረ። ከብዙ ዓመታት በኋላ በሌላ አገር መብራት ለማብራት ሲነሣ እንኳ ጠላቶቹ ይህን እያነሡ ይከሱት ነበር። የአንድ ሰው ደም በሥራ ብዛት አይጠፋም። ታሪኩን የምንጽፈውም ይህን ለመሸፈን አይደለም።

በጣሊያን አገር፦ ወደ ወገኑ መመለስ

ከዚህ በኋላ ሩተንበርግ በሩሲያ መኖር ስላልቻለ ወደ ጣሊያን ተሰደደ። እዚያ ፖለቲካውን ትቶ የውኃ ምሕንድስና አጠና። ግድብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ወንዝ እንዴት ወደ ኤሌክትሪክ እንደሚለወጥ የተማረው በስደት አገር ነው። ብረት የሚያውቀው ሰው ውኃን አወቀ።

ደግሞም ከወገኑ ርቆ የኖረው ሰው በዚያው አገር ልቡ ወደ አይሁድ ሕዝብ ተመለሰ። እንደሚነገረው በፊሬንዜ ከተማ ወደሚገኘው ምኩራብ ሄዶ፣ ከሃይማኖት የወጣ ሰው ሲመለስ በጥንት ዘመን ይደረግ የነበረውን የ39 ግርፋት ሥርዓት ተቀብሎ ነው የተመለሰው። ይህ ነገር ለእናንተ እንግዳ አይመስለንም። በመካከላችን አያቶቻቸው በችግርና በግፊት ከወገናቸው ርቀው፣ ልጅ ልጆቻቸው ደግሞ በጊዩር ትምህርት አልፈው የተመለሱ ብዙ ቤተሰቦች አሉ። አንዳንዱ ሰው ይህን እንደ ነውር ያነሣባቸው ይሆናል። ለዚህ አገር መብራት ያበራው ሰውም በዚሁ ደጃፍ ያለፈ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

አሜሪካ፣ እንደገና ሩሲያ፣ ከዚያም እስራኤል

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ሩተንበርግ አይሁድ የራሳቸው ጦር ሠራዊት ሊኖራቸው ይገባል የሚል ሐሳብ ይዞ ተነሣ። በዚህም ከዜኤቭ ጃቦቲንስኪ ጋር ተባበረ። በ1915 ወደ አሜሪካ ሄዶ ይህንኑ ሐሳብ በአይሁድ ማኅበረሰብ መካከል አስፋፋ። በትርፍ ጊዜውም ካርታና የዝናብ መጠን እያጠና፣ ገና በዓይኑ ስላላየው ምድር አንድ ዕቅድ አዘጋጀ። ዕቅዱ የዮርዳኖስን፣ የያርሙክንና የሌሎችን ወንዞች ውኃ ለእርሻና ለኤሌክትሪክ ማዋል ነበር።

በ1917 የሩሲያ ንጉሥ ሲወርድ ሩተንበርግ ተመልሶ ሄደ። የጊዜያዊው መንግሥት መሪ ኬሬንስኪ በዋና ከተማው አስተዳደር ውስጥ ሥልጣን ሰጠው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ቦልሼቪኮች ቤተ መንግሥቱን ሲይዙ ከመጨረሻዎቹ ተከላካዮች አንዱ ነበር፤ ተይዞም ለወራት ታሰረ። ከእስር ከተፈታ በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ መሐል ወደ ኦዴሳ ወረደ፤ ከዚያም ከሩሲያ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ።

በ1919 ወደ እስራኤል ምድር ገባ። ዕድሜው 40 ዓመት ነበር። ፓርቲው ፈርሷል፣ አገሩ ጠፍቶበታል፣ ስሙም በክፉ ይነሣል። በእጁ የቀረው ሙያውና በወረቀት ላይ የሰፈረው የውኃ ዕቅድ ብቻ ነበር።

በ1920 ጸደይ በኢየሩሳሌም ሁከት በተነሣ ጊዜ ከጃቦቲንስኪ ጋር ሆኖ የአይሁድን ሰፈር ለመጠበቅ ወጣቶችን አደራጀ። ዋናው ሐሳቡ ግን ወንዞቹ ላይ ነበር። ከመሐንዲሶች ጋር እየዞረ የውኃውን ፍሰት ለካ፤ ቦታዎቹን በእግሩ አየ።

የመጀመሪያው መብራት

ያን ጊዜ አገሩን የምታስተዳድረው እንግሊዝ ነበረች። ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ለመሸጥ የመንግሥት ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሩተንበርግ በ1921 በያፋና በዙሪያዋ በያርኮን ወንዝ ለመጠቀም ፈቃድ አገኘ፤ የዮርዳኖሱ ሰፊ ፈቃድ ግን በመጨረሻ የጸደቀው በ1926 ነው። በዚህ መካከል በእንግሊዝ ፓርላማ ብርቱ ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ለምን ለሩሲያዊ አይሁዳዊ ተሰጠ ብለው ሲቃወሙ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ዊንስተን ቸርችል በ1922 ፈቃዱን ደግፎ ተከራከረ። በአገሩ ያሉ ብዙ ዓረቦችም ኩባንያው የአይሁድን ሰፈራ ያጠናክራል በማለት ተቃወሙት።

የመጀመሪያው ዕቅድ በያርኮን ወንዝ ላይ ግድብ መሥራት ነበር። ይሁን እንጂ ለግድቡ የሚያስፈልገው መሬት ሊገኝ ስላልቻለ ነገሩ ተሰናከለ። ሰውየው ለዓመታት ያለመው ወንዝን ነው፤ ፈቃዱም የተሰጠው ለወንዝ ነው። ወንዙ ሲከለከል ሌላ ሰው ቢሆን እጁን አጣጥፎ በተቀመጠ ነበር። ሩተንበርግ ግን በቴል አቪቭ በናፍጣ ሞተር የሚሠራ አነስተኛ ጣቢያ አቆመ። በ1923 ሰኔ ወር በአለንቢ መንገድ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ መብራቶች በሩ። በዚያው ዓመት የፍልስጥኤም ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተመሠረተ።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1925 በሃይፋና በጥብርያዶስም እንዲሁ በናፍጣ የሚሠሩ ጣቢያዎች ተተከሉ። ገንዘቡ ከብዙ ቦታ ነው የተሰበሰበው። ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ዋና ደጋፊ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ከታወቁ አይሁድ መካከልም ሎርድ ሪዲንግ የኩባንያው የቦርድ ሰብሳቢ ሆነ። ኢየሩሳሌም ግን በዚህ ውስጥ አልገባችም፤ ማቭሮማቲስ የተባለ ግሪካዊ ከቱርኮች ዘመን ጀምሮ የከተማይቱን ፈቃድ ይዞ ስለነበረ ጉዳዩ እስከ ሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደርሶ ተከራክሯል።

ናሃራይም፦ የሁለቱ ወንዞች ሥራ

ሩተንበርግ በናፍጣ ሲሠራ ወንዙን አልረሳውም። የዮርዳኖስ ፈቃድ እንደጸደቀ የያርሙክ ወንዝ ከዮርዳኖስ ጋር በሚገናኝበት፣ ከኪኔሬት ሐይቅ በስተደቡብ ባለው ቦታ ላይ ሥራ ተጀመረ። ቦታው ናሃራይም ተባለ፤ በዕብራይስጥ ሁለት ወንዞች ማለት ነው።

ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይህ ሥራ ምን እንደሆነ በቀላሉ ይገባዋል። ውኃ ከከፍታ ሲወርድ ጉልበት አለው። ያን ውኃ በቦይ መርተው በቱቦ ወደ ታች ሲለቁት ተርባይን የሚባለውን ትልቅ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩም ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን መሣሪያ ያዞራል። በናሃራይም ግድቦችና ቦዮች ተሠሩ፤ ውኃ የሚጠራቀምበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተዘጋጀ፤ በኪኔሬት ሐይቅ መውጫ ላይም ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ ቆመ። አይሁድና ዓረብ ሠራተኞች በአንድነት ሠሩ። ለሠራተኞቹ ቤተሰቦችም ቴል ኦር የተባለች መንደር ተመሠረተች።

ቦታው ቆላ ነው፤ በበጋ ሙቀቱ አይቻልም። በ1931 ክረምት ደግሞ ኃይለኛ ጎርፍ መጥቶ የተሠራውን አበላሸ፤ ሥራውም ዘገየ። እንደገና ጠግነው ቀጠሉ። በመጨረሻም በ1932 ሰኔ ወር የትራንስዮርዳኖሱ ኤሚር አብደላ በተገኙበት ጣቢያው ተመረቀ። ኃይሉ 18 ሜጋዋት ነበር። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ሩተንበርግን የናሃራይም ሽማግሌ እያለ ይጠራው ጀመር።

ኩባንያው እንዴት አደገ?

መብራት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አምፖልን ነው። ኩባንያውን ያሳደገው ግን አምፖል ብቻ አልነበረም። የብርቱካን አትክልት ባለቤቶች ከጉድጓድ ውኃ የሚስቡ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ተከሉ። የሲሚንቶ፣ የዘይትና የዱቄት ፋብሪካዎች ሠራተኛ ቀጠሩ። አንድ ፋብሪካ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ይገዛል፤ ኤሌክትሪክ ሲገኝ ደግሞ ሌላ ፋብሪካ ይከፈታል።

በ1930ዎቹ ከአውሮፓ የሚሸሹ አይሁድ በብዛት ስለገቡ የናሃራይም ኃይል ብቻውን አልበቃም። በመሆኑም በ1935 በሃይፋ፣ በ1938 ደግሞ በቴል አቪቭ በእንፋሎት የሚሠሩ ትላልቅ ጣቢያዎች ተከፈቱ። የቴል አቪቩ ጣቢያ በሎርድ ሪዲንግ ስም ተሰየመ።

በ1948 ጦርነት ናሃራይም ከግንባሩ መሐል ወደቀ። ጣቢያው ቆመ፣ ሠራተኞቹ ወጡ፣ ቴል ኦርም ፈረሰች። ከዚያ ወዲያ እንደገና አልሠራም። አዲሲቱ አገር በጨለማ ያልቀረችው ወንዙ ሲከለከል የተጀመሩትና እያደጉ የሄዱት የባሕር ዳር ጣቢያዎች ስለነበሩ ነው። በ1954 መንግሥት ኩባንያውን ገዛው፤ በ1961 ደግሞ ስሙ ተለውጦ የእስራኤል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተባለ። በዕብራይስጥ ሄቭራት ሐሽማል የሚባለውና የመብራት ሂሳብ የሚልክላችሁ ይኸው ነው።

በአሽቀሎን የሚገኘው የሩተንበርግ ጣቢያ የመጀመሪያ ክፍሎቹ ሥራ የጀመሩት በ1990 እና በ1991 ነው፤ ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች በአሥር ዓመት ውስጥ ተጨመሩ። በመርከብ በሚመጣ የድንጋይ ከሰል እንዲሠራ ተደርጎ የተገነባ ሲሆን፣ አራቱም ክፍሎች ሲጠናቀቁ ኃይሉ 2,250 ሜጋዋት ደረሰ። ይህም ሩተንበርግ በሕይወቱ ከሠራው ከናሃራይም 125 ጊዜ ይበልጣል።

ብረት ዳግመኛ ወደ ታሪኩ ሲገባ

ሩተንበርግ ፑቲሎቭን ሲለቅ ብረትን የተወ ይመስላል። ነገር ግን ኤሌክትሪክና ብረት በዚያው ዘመን ነው የተጋቡት። ዊልያም ሲመንስ የተባለው መሐንዲስ በ1870ዎቹ መጨረሻ በኤሌክትሪክ ብረት ማቅለጥ እንደሚቻል አሳየ። ፖል ኤሩ የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ በ1900 ገደማ በዚሁ መንገድ ለገበያ የሚውል አረብ ብረት ማውጣት ቻለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ምድጃው እሳት በሚችል ጡብ የተለበጠ ትልቅ ድስት ነው። ውስጡ ቁርጥራጭ ብረት፣ አሮጌ መኪና፣ የፈረሰ ሕንፃ ብረት ይሞላበታል። ከክዳኑ በኩል ሦስት ወፋፍራም የግራፋይት ዘንጎች ይወርዳሉ። ኤሌክትሪኩ ሲለቀቅ ከዘንጎቹ ወደ ብረቱ እንደ መብረቅ ይዘላል፤ ድምፁም ነጎድጓድ ይመስላል። ሙቀቱ ወደ 1,600 ዲግሪ ሲጠጋ ብረቱ እንደ ውኃ ይፈሳል። ከዚያ በኋላ ተቀድቶ ለቤት መሥሪያ የሚሆን ፌሮ ይወጣዋል። አንድ ቶን ብረት ለማቅለጥ 400 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ያስፈልጋል። በመብራት ሂሳባችሁ ላይ ቤታችሁ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደፈጀ ተጽፏልና አስተያዩት።

እስራኤል ብረትን ከማዕድኑ የሚያቀልጥ ትልቅ ፋብሪካ የላትም። ስለዚህ ቁርጥራጭ ብረት ማቅለጥ ለአገሩ ግንባታ አስፈላጊ ሆነ። በጎረቤታችን በአሽዶድ የተቋቋመው ይሁዳ ፕላዶት የሚባለው ፋብሪካ ከዚህ ዓይነት ሥራ ጋር ስሙ የታወቀ ነው። በሰሜን ደግሞ በአኮ አጠገብ የብረት ከተማ የተባለውን በ1950ዎቹ ያቋቋመው ኩር የሚባለው ኩባንያ ነው። ኩር ማለት በዕብራይስጥ ማቅለጫ ምድጃ ማለት ነው። ይህ ኩባንያ በ1944 ከሠራተኞች ማኅበሩ የግንባታ ድርጅት ከሶሌል ቦኔ ወጥቶ በአገሩ ካሉት ትላልቅ የኢንዱስትሪ ድርጅቶች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ግን በዕዳ ተይዞ ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። ማደግ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአባቶቻችን ወናፍና የዛሬው የኤሌክትሪክ ምድጃ ጉዳያቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም አሮጌውን ብረት በእሳት አዲስ ያደርጋሉ። ልዩነቱ እሳቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ያ እሳት በሽቦ እንዲመጣ መንገዱን ከጠረጉት ሰዎች አንዱ ሩተንበርግ ነው።

ሽምግልናውና ዕረፍቱ

ሩተንበርግ የኩባንያ ሰው ብቻ አልነበረም። በ1929 ከባድ ሁከት ከተነሣ በኋላ ቫዓድ ሌኡሚ የተባለው የአይሁድ ብሔራዊ ምክር ቤት መሪ አድርጎ መረጠው፤ በ1939ም እንደገና በዚሁ ኃላፊነት አገልግሏል። ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው የወገን መከፋፈል ነበር። በ1934 ዴቪድ ቤን ጉሪዮንና ጃቦቲንስኪ በብርቱ ሲጣሉ ሁለቱን በለንደን አገናኝቶ አስማማቸው። ይሁን እንጂ በሚቀጥለው ዓመት የሠራተኞች ማኅበር አባላት በድምፅ ስምምነቱን ስላልተቀበሉት ሽምግልናው ሳይሳካ ቀረ። በወጣትነቱ ፓርቲ የከዳው ሰው በእርጅናው ለየትኛውም ፓርቲ ሳያድር የሁሉም ሽማግሌ ለመሆን መድከሙ የሚያስገርም ነው።

ጥር 3 ቀን 1942 በኢየሩሳሌም በ62 ዓመቱ አረፈ፤ በደብረ ዘይት ተራራም ተቀበረ። የእስራኤልን መንግሥት መቆም አላየም። ንብረቱን ለወጣቶች ጉዳይ እንዲውል ተናዘዘ፤ በሃይፋ በቀርሜሎስ ተራራ ላይ የነበረው ቤቱም የወጣቶች ማዕከል ሆነ።

ከዚህ ታሪክ ምን እናገኛለን?

ውድ ወገኖቻችን፣ እናንተም ትልቅ ሐሳብ ይዛችሁ እንደመጣችሁ እናውቃለን። አንዱ መምህር ነበር፣ አንዱ ገበሬ፣ አንዱ አንጥረኛ፣ አንዷ ሸክላ ሠሪ። ለረጅም ጊዜ በጎንደርና በአዲስ አበባ ስትጠባበቁ በልባችሁ የሳላችሁት ኑሮ አለ። እዚህ ስትደርሱ ግን ያሰባችሁት ወንዝ አልተገኘም፤ የተገኘው ኡልፓን፣ የጽዳት ሥራ ወይም የፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሊሆን ይችላል።

ሩተንበርግ ወንዝ ሲከለከል ናፍጣ ሞተር አቆመ፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ወንዙ ላይ ደረሰ። ናፍጣውን ስለጀመረ ወንዙን አልተወም፤ ወንዙን ስላለመም ናፍጣውን አልናቀም። እናንተም ዛሬ የተገኘውን ሥራ ስትይዙ የነገውን አትርሱት። የተማራችሁበትን ወረቀት አስተርጉሙ፤ ዕውቅና የሚሰጠውን መሥሪያ ቤት ጠይቁ፤ ዕብራይስጡን ሳትሰለቹ ተማሩ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በያጅ ወይም ማሽን ሠራተኛ ለመሆን የሚያስችል የሙያ ኮርስ ሲከፈት ዕድሜዬ አልፏል አትበሉ፤ ሩተንበርግ የውኃ ምሕንድስናን የተማረው በስደት አገር፣ ኑሮው ሁሉ ከፈረሰበት በኋላ ነው።

ለልጆቻችሁም የአያቶቻቸውን ሙያ ንገሯቸው። ወናፍ ምን እንደሆነ፣ ማረሻ እንዴት እንደሚሳል፣ ብረት ሲግል ቀለሙ እንዴት እንደሚለዋወጥ አስረዷቸው። በትምህርት ቤት ስለ ብረትና ስለ ኤሌክትሪክ ሲማሩ ነገሩ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንዳይመስላቸው፣ የቤታቸው ዕውቀት መሆኑን ይወቁት።

እግዚአብሔር ኑሯችሁን ያቅናላችሁ። በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።